መልቲትሬዲንግ በጃቫ፦ ከአምስቱ መንገዶች የትኛው ይሻላል?

ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግን በጃቫ የተማረ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፦ «ትሬድ ለመፍጠር ስንት መንገድ አለ? ዘርዝር።» ትሬድ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር ነው፤ ከአንድ በላይ ትሬድ አብሮ ማስኬዱ መልቲትሬዲንግ ይባላል። የጥያቄው መልስም ያው ነው፤ ሁለት። አንደኛው ትሬድ የሚባለውን ክላስ መውረስ ነው። ሁለተኛው ራነብል የሚባለውን ኢንተርፌስ ኢምፕሊመንት ማድረግ። ለፈተና ይበቃል።

ለሥራ ግን አይበቃም። ጃቫ 1.0 በ1996 ሲወጣ ይህ መልስ ሙሉ ነበር (ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ)። ከዚያ ወዲህ ሦስት ትልልቅ ነገሮች ተጨምረዋል። በ2004 ሥራዎችን ለትሬዶች የሚያከፋፍለው ኤክስኪዩተር ሰርቪስ፣ በ2014 ኮምፕሊታብል ፊውቸር፣ በ2023 ደግሞ ቨርቹዋል ትሬድ መጣ። ብዙ የኮርስ ማስታወሻ ግን አሁንም 1996 ላይ ቆሟል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጀማሪ ከሆናችሁ ሥራውን በራነብል ወይም ውጤት በሚመልሰው አቻው በኮለብል ጻፉ፣ ማሠራቱን ለኤክስኪዩተር ሰርቪስ ተዉት። ከዚህ ለመውጣት ምክንያት ያስፈልጋል። ምክንያቱ መቼ መቼ እንደሚመጣ እንይ።

## ሥራው ያሰላል ወይስ ይጠብቃል?

ትሬድ ማለት በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በራሱ ቅደም ተከተል የሚሄድ የትእዛዝ መስመር ነው። ማንኛውም የጃቫ ፕሮግራም ቢያንስ አንድ አለው፤ ሜይን ሜተድን የሚያስኬደው። ሌላ ስትጨምሩ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ስታክ ይኖረዋል። በሜተድ ውስጥ ያወጃችኋቸው ቫሪያብሎች እዚያ ይቀመጣሉ፣ ሌላው ትሬድ አያያቸውም። ኦብጀክቶቹ ግን ሂፕ ላይ ናቸው፣ ሂፑ ደግሞ የጋራ ነው። የመልቲትሬዲንግ ጥቅሙም ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለአንድ ትምህርት ቤት ፕሮግራም እየጻፋችሁ ነው እንበል። 3,000 ተማሪዎች አሉ፣ የሚሠራውም ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለእያንዳንዱ ወላጅ የጽሑፍ መልእክት መላክ ነው። ከላኪው ድርጅት ሰርቨር መልስ እስኪመጣ እያንዳንዱ መልእክት 1 ሰከንድ ይፈጃል። ሌላው የተማሪዎቹን ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ማሳነስ ነው። አንዱ ፎቶ 0.2 ሰከንድ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ 4 ኮር፣ ማለትም እኩል የሚያሰሉ አራት የሲፒዩ ክፍሎች፣ አለው።

በአንድ ትሬድ ብቻ ከሄደ መልእክቱ 3,000 ሰከንድ፣ ማለትም 50 ደቂቃ ይፈጃል። ፎቶው 600 ሰከንድ፣ 10 ደቂቃ። ከሰዓቱ ይልቅ ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። በእነዚያ 50 ደቂቃዎች ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው፤ ኔትወርክ ነው የሚጠብቀው። ፎቶው ላይ ግን አንዱ ኮር ፋታ የለውም፣ ሦስቱ ቁጭ ብለው ያዩታል።

ስለዚህ ፎቶውን ለ4 ትሬድ ብታካፍሉት ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ሊወርድ ይችላል። ለ400 ብታካፍሉት ግን ከዚያ አይወርድም። ኮሮቹ አራት ናቸው፣ በቃ። እንዲያውም ከትሬድ ወደ ትሬድ መቀያየሩ ራሱ ጊዜ ይበላል። መልእክቱ ሌላ ነው። 100 ትሬድ ቢኖራችሁ 100 መልእክት በአንድ ጊዜ መልሱን ይጠብቃል፣ 50 ደቂቃው 30 ሰከንድ ይሆናል።

«ትሬድ ካበዛሁ ይፈጥናል» የሚለው እምነት ሁልጊዜ የማይሠራው ለዚህ ነው። በኮምፒዩተር ንድፍ ባለሙያው በጂን አምዳል ስም የሚጠራ፣ መነሻው 1967 የሆነ ሕግም አለ። ከፕሮግራሙ 90 በመቶው ብቻ ተከፋፍሎ መሠራት የሚችል ከሆነ፣ ስንት ኮር ብትጨምሩ ፍጥነቱ ከ10 እጥፍ አያልፍም። የቀረችው 10 በመቶ ተራ በተራ ነው የምትሄደው።

## ትሬድን መውረስ

አጭሩ መንገድ ይህ ነው። ክላሳችሁ ትሬድን ኤክስቴንድ ያደርጋል፣ ራን የሚባለውን ሜተድ ኦቨርራይድ ታደርጋላችሁ፣ ኦብጀክቱን ፈጥራችሁ ስታርትን ትጠራላችሁ። ሰሌዳ ላይ ለማሳየት ይመቻል። መምህራን የሚወዱት ለዚህ ይመስለኛል።

የሚገርመው ከዚያው ከኦብጀክት ኦሪየንትድ ትምህርት ጋር መጋጨቱ ነው። ጃቫ ላይ አንድ ክላስ የሚወርሰው አንድ ክላስ ብቻ ነው። ያቺን አንድ ዕድል ለትሬድ ከሰጣችኋት መልእክት ላኪው ክላስ ሌላ ምንም መውረስ አይችልም። ደግሞስ መልእክት መላክ የትሬድ ዓይነት ነው እንዴ? አይደለም። ትሬድ የሚያስኬደው ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ ክላስ ውስጥ ካጣበቃችኋቸው፣ ነገ ሥራውን በሌላ መንገድ ላስኪደው ስትሉ ኮዱን መበታተን ይመጣል።

ጀማሪን ሁሉ የምታጠምድ ነገርም እዚህ አለች፤ ስታርትን መጥራት ሲገባ ራንን በቀጥታ መጥራት። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ፕሮግራሙም ይሠራል፣ ውጤቱም ትክክል ነው። አዲስ ትሬድ ግን አልተፈጠረም። ሁሉም በጠራው ትሬድ ላይ ተራ በተራ ሄዷል። «መልቲትሬዲንግ አደረግሁት፣ ምንም አልፈጠነም» የሚል ጓደኛ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እዩለት። ራን ውስጥ የአሁኑን ትሬድ ስም ያሳትም። «ሜይን» ብሎ ከመጣ ነገሩ ታወቀ።

አንድ የትሬድ ኦብጀክት ስታርት የሚባለውም አንዴ ብቻ ነው። ሥራውን ጨርሶ እንኳ ድጋሚ ስታርት ካላችሁት ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ለ3,000 መልእክት ያንኑ ትሬድ እያስነሱ መጠቀም አይቻልም ማለት ነው።

ለፈተናና ለማሳያ ይሁን። ከዚያ ውጭ አልመክረውም።

## ራነብል

ራነብል ያለው አንድ ሜተድ ነው፤ ራን። ምንም አይቀበልም፣ ምንም አይመልስም። እሱን ኢምፕሊመንት ያደረገ ክላስ ሌላ ክላስ ከመውረስ የሚከለክለው የለም። ከጃቫ 8 ወዲህ ደግሞ ክላስ መጻፉም ቀርቷል፤ በላምዳ አንድ መስመር ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን ሥራው ከሠራተኛው መለየቱ ነው። ያንኑ ራነብል ዛሬ ለተራ ትሬድ፣ ነገ ለፑል (ለትሬዶች ስብስብ)፣ ከነገ ወዲያ ለቨርቹዋል ትሬድ ትሰጡታላችሁ። ከሥራው ኮድ አንድ ፊደል አይነካም። «መውረስ ወይስ ኢምፕሊመንት ማድረግ» የሚለው ክርክር ለእኔ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጉድለትም አለው። ውጤት አይመልስም። ቼክድ ኤክሴፕሽንም ወደ ውጭ መወርወር አይችልም። «ለዚህ ወላጅ መልእክቱ ሄዷል ወይ?» ለሚለው መልስ ከፈለጋችሁ ኮለብል አለ። እሱ ውጤት ይመልሳል፣ ኤክሴፕሽንም ይወረውራል። ኮለብል ግን በቀጥታ ለትሬድ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ለኤክስኪዩተር ሰርቪስ ነው።

ደግሞ ራነብል ስለያዛችሁ ብቻ ለ3,000 መልእክት 3,000 ተራ ትሬድ አትፍጠሩ። ተራው የጃቫ ትሬድ፣ አሁን ፕላትፎርም ትሬድ የሚሉት፣ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትሬድ ጋር አንድ ለአንድ የተጣመረ ነው። በብዙ 64 ቢት ሊነክስ ላይ፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ለእያንዳንዱ ስታክ 1 ሜጋባይት የአድራሻ ቦታ ይያዝለታል። ለ3,000 ትሬድ ወደ 3 ጊጋባይት ነው። እርግጥ ይህ ሁሉ ራም ላይ አይሞላም። ቢሆንም በነፃ አይመጣም። ቁጥሩ ከገደቡ ካለፈ ሲስተሙ ተጨማሪ ትሬድ አልሰጥም ይላል፣ ፕሮግራሙም አውት ኦፍ ሜሞሪ ብሎ ይወድቃል።

## ኤክስኪዩተር ሰርቪስ

በ2004 ከጃቫ 5 ጋር የመጣ ነው። ዳግ ሊ የተባሉ የኮምፒዩተር ሳይንስ መምህር የመሩት ቡድን ያዘጋጀው የኮንከረንሲ ፓኬጅ ውስጥ ነው ያለው። ከአምስቱ ብዙ ጊዜ የምትኖሩበት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

አሠራሩ የባንክ አዳራሽ ነው። አራት መስኮት አለ፣ ደንበኛው ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ መስኮት አይከፈትም። አንዱ ሲጨርስ ያው መስኮት ቀጣዩን ይጠራል። መስኮቶቹ ትሬዶች ናቸው፣ ደንበኞቹ ራነብሎችና ኮለብሎች፤ የመስኮቶቹ ስብስብ ፑል ይባላል።

ሥራውን ሰብሚት ስታደርጉት ፊውቸር ይሰጣችኋል። ፊውቸር ውጤቱን በኋላ የምትቀበሉበት ኦብጀክት ነው። ጌት ስትሉት ሥራው ካለቀ ወዲያው ይመልሳል። ካላለቀ እስኪያልቅ ያቆማችኋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። በአንድ ሉፕ ውስጥ ሰብሚት አድርጎ፣ እዚያው ወዲያው ጌት ማለት። እንዲህ ካደረጋችሁ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይገባም። 20 ትሬድ ያለው ፑል ይዛችሁ ተመልሳችሁ 50 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። መጀመሪያ ሁሉንም ሰብሚት አድርጋችሁ ፊውቸሮቹን በሊስት ሰብስቡ፤ ጌቱ በሌላ ሉፕ ይሁን።

ፑሉ ስንት ትሬድ ይኑረው? ለፎቶው መልሱ ቀላል ነው። የኮሮቹን ቁጥር ከራንታይም ኦብጀክቱ ጠይቃችሁ ያንን ስጡት። 4 ብላችሁ ኮዱ ውስጥ አትጻፉ፤ ነገ ፕሮግራሙ 16 ኮር ያለው ሰርቨር ላይ ሊጫን ይችላል። ለመልእክቱ ግን የሚወስነው የእናንተ ማሽን አይደለም። ላኪው ድርጅት በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ ይቀበላል? 20 ካለ 20 ነው። በ20 ትሬድ 3,000 መልእክት 150 ሰከንድ ይፈጃል። ከ50 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል መጣ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ምን ጎደለው? ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ፑል አትቀላቅሉ ደግሞ። የሚጠብቁት መልእክቶች ትሬዶቹን ይይዙና ፎቶዎቹ ያለ ጥፋታቸው ይቆማሉ።

ፑል በአንድ መስመር የሚሠሩ ዝግጁ ሜተዶች አሉ፤ ከነሱም መምረጥ አለ። ፊክስድ የሚባለው የትሬድ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ወረፋው ግን ገደብ የለውም። ሥራ ከሚያልቅበት ፍጥነት በላይ ከገባ ወረፋው እያደገ ሄዶ ሜሞሪውን ሊጨርስ ይችላል። ካሽድ የሚባለው ተቃራኒው ነው። ወረፋ የለውም፤ ነፃ ትሬድ ካጣ አዲስ ይፈጥራል፣ 60 ሰከንድ ሥራ ያጣውን ያሰናብታል። የትሬድ ቁጥሩ ግን በተግባር ገደብ ስለሌለው 3,000 መልእክት ባንዴ ብትሰጡት ወደ 3,000 ትሬድ ይሄድላችኋል። ሲንግል የሚባለው አንድ ትሬድ ብቻ አለው፤ ቅደም ተከተል ለሚያስፈልገው ሥራ፣ ለምሳሌ ሎግ ለመጻፍ፣ በጣም ጥሩ ነው። ለትምህርት ቤቱ ፊክስድ በቂ ነው። ሰው ከውጭ ያለማቋረጥ ለሚጠይቀው ሰርቨር ግን ትሬድ ፑል ኤክስኪዩተር የሚባለውን ክላስ ራሳችሁ ፈጥራችሁ፣ ለወረፋውም ገደብ ስጡት። ወረፋው ሲሞላ ምን ይሁን የሚለውን ያኔውኑ መወሰን ይሻላል።

ፑሉን መዝጋት አትርሱ። ሻትዳውን ካላላችሁት ትሬዶቹ ቀጣይ ሥራ ይጠብቃሉ፣ ሜይን ቢያልቅም ፕሮግራሙ አይዘጋም። ከጃቫ 19 ጀምሮ በትራይ ውስጥ ብትከፍቱት ሲወጣ ራሱ ይዘጋል፣ የገቡት ሥራዎች እስኪያልቁም ይጠብቃል።

ከሁሉ የምትከፋው የጠፋች ኤክሴፕሽን ናት። በሰብሚት የገባ ሥራ ኤክሴፕሽን ቢወረውር ምንም ነገር ስክሪን ላይ አይወጣም። ኤክሴፕሽኑ ፊውቸሩ ውስጥ ተቀምጦ ጌት እስኪባል ይጠብቃል። ጌት የሚል ከሌለ ማንም አያውቀውም። 300 ወላጆች መልእክት ሳይደርሳቸው ፕሮግራሙ «ተጠናቋል» ሊል ይችላል። በኤክስኪዩት የገባ ራነብል ግን እንዲህ አይደለም፤ ስህተቱን ያሳትማል። ውጤቱን የማትፈልጉት ከሆነ ኤክስኪዩት፣ የምትፈልጉት ከሆነ ሰብሚትና ጌት። መሃሉ ላይ፣ ሰብሚት ብሎ ፊውቸሩን መጣል፣ በፍጹም አይሆንም።

## ኮምፕሊታብል ፊውቸር

የጃቫ 8 ነው። ፊውቸር ላይ ጌት ብሎ መቆምን ትቶ «ይህ ሲያልቅ ያንን አድርግ» ማለት ያስችላል። የሚያምርበት ቦታ የተለያዩ ውጤቶችን ማገጣጠም ነው። አንድ ገጽ የተማሪውን ውጤት፣ የክፍያውን ሁኔታና ከትምህርት የቀረባቸውን ቀናት ከሦስት ቦታ ያመጣል እንበል፤ 300፣ 400 እና 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃሉ። በተራ 1.2 ሰከንድ ነው። አንድ ላይ አስነስቶ ሲገጣጠም ከረጅሙ ብዙም አይበልጥም፣ ግማሽ ሰከንድ አካባቢ።

ጥንቃቄ ይፈልጋል። የራሳችሁን ፑል ካልሰጣችሁት ኮመን ፑል የሚባለውን የጋራ ፑል ይጠቀማል። የእሱ መጠን በተለምዶ ከኮሮቹ ቁጥር አንድ የሚያንስ ነው። 4 ኮር ላይ 3 መሆኑ ነው። ኔትወርክ የሚጠብቁ ሥራዎችን እዚያ ብታጉሩ ሦስቱ ይያዛሉ፣ ሌላው ሁሉ ይቆማል። የሊስት ሥራን ለብዙ ትሬድ የሚያካፍለው ፓራለል ስትሪምም የሚጠቀመው ይህንኑ ፑል ነው። ስለዚህ ፓራለል ስትሪም ለፎቶው ዓይነት ሥራ ይሁን፣ ለመልእክቱ በጭራሽ።

ሰንሰለቱ ሲረዝም ኮዱን ማንበብም ስህተቱን ማግኘትም ይከብዳል። ስታክ ትሬሱ (ስህተቱ በየትኞቹ ሜተዶች እንደመጣ የሚያሳየው ዝርዝር) ላይ የራሳችሁን ሜተድ ትፈልጋላችሁ፣ የምታገኙት የላይብረሪውን ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ነገር ለማገጣጠም አሪፍ ነው። ሙሉ ፕሮግራም በሱ ለመጻፍ ግን ቨርቹዋል ትሬድ ከመጣ ወዲህ ብዙም ምክንያት አይታየኝም።

## ቨርቹዋል ትሬድ

በ2022 በጃቫ 19 ለሙከራ ወጣ፣ በሴፕቴምበር 2023 በጃቫ 21 ቋሚ ሆነ። ቨርቹዋል ትሬድ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትሬድ ጋር አልተጣመረም። የሚያስተዳድረው የጃቫን ፕሮግራም የሚያስኬደው ጄቪኤሙ ራሱ ነው። ጥቂት ፕላትፎርም ትሬዶች ተሸካሚ ይሆናሉ። ቨርቹዋሉ ኔትወርክ መጠበቅ ሲጀምር ጄቪኤሙ ከተሸካሚው ላይ ያወርደዋል፣ ስታኩን ሂፕ ላይ ያስቀምጣል፣ ተሸካሚው ሌላ ያነሳል። መልሱ ሲመጣ ቨርቹዋሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ኮዱ ግን ተራ ኮድ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፣ ሰንሰለት የለውም።

ልዩነቱ በቁጥር እንዲህ ነው። 10,000 ሥራዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 1 ሰከንድ ብቻ ይተኛል። 200 ትሬድ ያለው ፑል 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። በቨርቹዋል ትሬድ ሁሉም አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይነቃሉ፤ 1 ሰከንድ አካባቢ ነው። ስፕሪንግ ቡት የተባለው የጃቫ ፍሬምወርክ ከ3.2 ጀምሮ ይህን በአንድ መስመር ኮንፊገሬሽን የፈቀደው ለዚህ ነው።

ለፎቶው ግን ምንም አይጨምርም። ኮር አይፈጥርም። ይህን ሳያዩ «አዲስ ስለሆነ ይፈጥናል» ማለት የ400 ትሬዱን ስህተት በአዲስ ስም መድገም ነው።

መልእክቱ ላይም መጠንቀቅ ያሻል። 3,000 ቨርቹዋል ትሬድ ብታስነሱ የእናንተ ማሽን ይችለዋል፣ የላኪው ድርጅት ሰርቨር ግን 3,000 ጥያቄ ባንዴ ሲመጣበት በሩን ሊዘጋባችሁ ይችላል። ዳታቤዝም ላይ ያው ነው፤ ኮኔክሽኖቹ የተቆጠሩ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወደ ለመደው ይመለስና ቨርቹዋል ትሬዶቹን ፑል ውስጥ ያስገባል። አያስፈልግም። ቨርቹዋል ትሬድ ተፈጥሮ፣ አንድ ሥራ ሠርቶ፣ እንዲጣል ነው የተሠራው። ቁጥር መገደብ ከፈለጋችሁ ፈቃድ እየቆጠረ የሚያስገባውን ሴማፎር ተጠቀሙ። 20 ፈቃድ ስጡት፣ 21ኛው ይጠብቃል።

ጃቫ 21 ላይ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቨርቹዋል ትሬዱ ሲንክሮናይዝድ በሆነ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ በሚገባበት) ኮድ ውስጥ እያለ ኔትወርክ ከጠበቀ ከተሸካሚው አይወርድም፤ ይዞት ይቆማል። ፒኒንግ ይሉታል። በማርች 2025 የወጣው ጃቫ 24 ይህን አስቀርቷል። እስከዚያ ያሉት ላይ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ በሪኢንትራንት ሎክ፣ ራሳችሁ በምትቆልፉትና በምትከፍቱት ቁልፍ፣ መተካት ነው መፍትሔው።

## የጋራውን ዳታስ በምን እንጠብቀው?

እስካሁን ያየነው ሥራውን ማን ያስኪደው የሚለውን ነው። ከአምስቱ የትኛውንም ብትመርጡ ይህኛው ምርጫ አይቀርላችሁም። ፕሮግራም የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የተላከውን መልእክት የሚቆጥር አንድ ኢንቲጀር አለ እንበል። እያንዳንዱ ትሬድ ልኮ ሲጨርስ አንድ ይጨምራል። ኮዱ ላይ አንድ መስመር ነው። ለማሽኑ ግን ሦስት እርምጃ ነው፤ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። ሁለት ትሬዶች እኩል 41 ቢያነቡ ሁለቱም 42 ይጽፋሉ። ሁለት መልእክት ሄደ፣ ቁጥሩ በአንድ አደገ። ሬስ ኮንዲሽን የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ትሬዶችን እያንዳንዳቸው 100,000 ጊዜ እንዲጨምሩ አድርጋችሁ ሞክሩት። 200,000 መሆን ሲገባው ብዙ ጊዜ አንሶ ይመጣል፣ በየሙከራውም ሌላ ቁጥር። አንዳንዴ ትክክሉ ይመጣል፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፕ ላይ አሥር ጊዜ ያለፈ ኮድ ሰርቨር ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ምርጫዬ አለመጋራት ነው። እያንዳንዱ ኮለብል የራሱን ውጤት ይመልስ፣ ሜይን ይደምር። ሎክ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ትሬዶች የሚለዋወጧቸው ኦብጀክቶችም ከተፈጠሩ በኋላ የማይለወጡ ይሁኑ። ከጃቫ 16 ወዲህ ሬከርድ ይህን ቀላል አድርጎታል።

መጋራት የግድ ከሆነና የሚጋራው አንድ ቆጣሪ ብቻ ከሆነ ሦስቱን እርምጃ በአንድ የሚሠራው አቶሚክ ኢንቲጀር ይበቃል። ማፕ ከሆነ በሃሽማፕ ፈንታ ለብዙ ትሬድ የተሠራው ኮንከረንት ሃሽማፕ። ግን ኮንከረንት ስለተባለ ብቻ አትመኑት። «ቁልፉ አለ ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ ከሌለ በሌላ መስመር ማስገባት አሁንም ክፍተት አለው። በሁለቱ መስመሮች መሃል ሌላ ትሬድ ይገባል። ሁለቱን በአንድ የሚያደርጉ ሜተዶች አሉት፤ እነሱን ተጠቀሙ። ነል አይቀበልም ደግሞ።

ከአንድ በላይ ፊልድ አብሮ መለወጥ ካለበት ሲንክሮናይዝድ ወይም ሪኢንትራንት ሎክ ነው። እኔ ከሲንክሮናይዝድ እጀምራለሁ። ኤክሴፕሽን ቢመጣ እንኳ ሎኩ ራሱ ይለቀቃል። ሪኢንትራንት ሎክ ላይ ግን መልቀቁ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ፋይናሊ ውስጥ ካላስገባችሁት አንድ ኤክሴፕሽን ሁሉንም ትሬድ ቆልፎ ሊያስቀር ይችላል። ሲንክሮናይዝድ የማይችለውን ግን ይችላል። «ለ2 ሰከንድ ሞክር፣ ካላገኘህ ተወው» ማለት ይቻላል።

ቮላታይል ለብቻው ይጠቀስ፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። አንዱ ትሬድ የጻፈውን ሌላው እንዲያየው ያደርጋል፣ ይኸው ነው። የቆጣሪውን ሦስት እርምጃ አንድ አያደርገውም። «አቁም» ለምትል ቡሊያን ትክክለኛ ቦታው ነው፣ ለቆጣሪ አይደለም።

ዴድሎክስ፣ ትሬዶች እርስ በርስ እየተጠባበቁ መቆማቸውስ? ሁለት ሎክ አብሮ መያዝ ካለባችሁ ይመጣል። አንዱ ትሬድ ከባንክ ሂሳብ 1 ወደ ሂሳብ 2 ገንዘብ ያስተላልፋል፣ ሌላው ከ2 ወደ 1። የመጀመሪያው 1ን ቆልፎ 2ን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው 2ን ቆልፎ 1ን። ሁለቱም አይንቀሳቀሱም፣ ኤክሴፕሽንም የለም፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ሁልጊዜ ትንሹን የሂሳብ ቁጥር መጀመሪያ መቆለፍ ነው። ፕሮግራም እንዲህ ሲቆምባችሁ ከጄዲኬ ጋር የሚመጣውን ጄስታክ አስነሱ። ዴድሎክ ካለ ትሬዶቹን በስም ጠቅሶ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ «ፑል 1 ትሬድ 3» ከሚል ስም «መልእክት ላኪ 3» የሚል ቢያነብላችሁ ይጠቅማል፣ ስለዚህ ትሬዶቻችሁን ስም አውጡላቸው።

## በእጃችሁ ያለው ጃቫ ስንት ነው?

ምርጫውን መጨረሻ ላይ የሚወስነው ይህ ነው። ጃቫ 8 ላይ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ዛሬም ሞልቷል። እዚያ ቨርቹዋል ትሬድ የሚባል ነገር የለም። ኤክስኪዩተር ሰርቪስ ዋናው ይሁን፣ ለማገጣጠም ኮምፕሊታብል ፊውቸር። ጃቫ 11 እና 17 ላይም ያው ነው።

ጃቫ 21 ላይ ከሆናችሁና ሥራችሁ በብዛት መጠበቅ ከሆነ ወደ ቨርቹዋል ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ግን የዳታቤዝ ድራይቨራችሁን አዲሱን ቨርሽን አውርዱ፣ ፒኒንጉ ከዚያ ሊመጣ ስለሚችል። አዲስ ፕሮጀክት የሚጀምር ሰው በሴፕቴምበር 2025 የወጣውን፣ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠውን ጃቫ 25 ቢይዝ ይህ ጉዳይ ብዙም አያሳስበውም። ተያያዥ ሥራዎችን እንደ አንድ የሚያስተዳድረው ስትራክቸርድ ኮንከረንሲ የሚባለው እዚያም ገና በሙከራ ደረጃ ነው፤ ቤት ውስጥ ተጫወቱበት፣ ደንበኛ ጋ የሚሄድ ነገር ውስጥ አታስገቡት።

አንድሮይድ ላይ የምትሠሩ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ስክሪኑን የሚያስኬደው ሜይን ትሬድ ነው። እሱን 5 ሰከንድ ያህል ከያዛችሁት ተጠቃሚው ሲነካው መልስ ያጣና «አፑ ምላሽ አይሰጥም» የሚለው ሳጥን ይወጣል። ድሮ ለዚህ የሚያስተምሩት አሲንክታስክ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ ዴፕሪኬትድ (አትጠቀሙበት የተባለ) ሆኗል። በኮትሊን የምትጽፉ ከሆነ ኮሩቲን ተጠቀሙ፣ በጃቫ ከሆነ ያው ኤክስኪዩተር ነው። ውጤቱን ስክሪኑ ላይ ስታሳዩ ግን ወደ ሜይን ትሬዱ መልሱት።